ኤፍን ተጫን፦ የተሳቀበት የጌም ቀብር እንዴት የእውነት ሐዘን መግለጫ ሆነ

በጌመሮች ቻት ውስጥ መጥፎ ወሬ ሲሰማ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል (F) ይዘንባል። ኤፍ። ላፕቶፑ የተቃጠለበት ሰው ኤፍ ይጻፍለታል። ፈተና የወደቀም፣ ከፍቅረኛው የተለያየም፣ እናቱ የሞተችበትም እንዲሁ። ከሚጽፉት ብዙዎቹ ፊደሉ ከየት እንደመጣ አያውቁም። መነሻው አንድ ቪዲዮ ጌም ውስጥ ያለ የቀብር ትዕይንት ነው። ትዕይንቱ በወጣበት ሰሞን ብዙ ተስቆበታል።

ከጌም የተወለዱ ሚሞች፣ ማለትም ሰው ኢንተርኔት ላይ እየተቀባበለ የሚደጋግማቸው ምስሎችና አባባሎች፣ ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ቀልድ ሆነው ተወልደው ቀልድ እንደሆኑ ያረጃሉ። ይሄኛው ግን ከፌዝ ተነስቶ የምር ሆነ። ሰዎች ለመሳለቅ ያነሱትን ነገር እንዴት ለሐዘን ተጠቀሙበት? ጉዳዩን ከሥሩ ብናየው መልሱ ይገኛል ብዬ አምናለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ቀብሩ

ጌሙ «ኮል ኦፍ ዲዩቲ፦ አድቫንስድ ዋርፌር» ይባላል። የሠራው ስሌጅሃመር ጌምስ ነው፤ ያሳተመው ደግሞ አክቲቪዥን። በኖቬምበር 2014 መጀመሪያ ላይ ለገበያ ወጣ።

ታሪኩ የሚጀምረው በ2054 ነው። ተጫዋቹ ጃክ ሚቼል የሚባል የአሜሪካ ባሕር ወለድ ወታደር ሆኖ ይጫወታል። ሁሉንም ነገር በሚቼል ዓይን ነው የሚያየው። የመጀመሪያው ግዳጅ ሴኡል ከተማ ውስጥ ነው። የሰሜን ኮሪያ ጦር ከተማዋን ወርሯታል። ከሚቼል ጎን የቅርብ ጓደኛው ዊል አይረንስ አለ። በግዳጁ መጨረሻ ላይ የዊል እጅ የአንድ ትልቅ መሣሪያ በር ውስጥ ይያዛል። ፈንጂው ሊፈነዳ ነው፤ ማምለጫ የለውም። ዊል ጓደኛውን ገፍቶ ያርቀውና ይሞታል። ሚቼል ቢተርፍም ግራ እጁን ያጣል።

ሁለተኛው ክፍል በቀብር ይከፈታል። የሬሳ ሳጥን አለ። የክብር ልብስ የለበሱ ወታደሮች አሉ። የሟቹ አባት ጆናታን አይረንስም እዚያው ነው። አባትየው አትላስ የሚባል የግል ጦር ባለቤት ሲሆን ተዋናዩ ኬቨን ስፔሲ ነው የሚጫወተው። ከቀብሩ በኋላ ለሚቼል ሰው ሠራሽ እጅና አዲስ ሥራ ያቀርብለታል። የቀረው የጌሙ ታሪክ በሙሉ ከዚህች ንግግር ይነሳል።

ከዚያ በፊት ግን ሚቼል ወደ ሳጥኑ ይጠጋል። እዚህ ላይ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ብቅ ይላል። በኮምፒውተር ለሚጫወት ሰው ትርጉሙ ይህን ይመስላል፦ «ክብርህን ለመግለጽ ኤፍን ተጫን»። ተጫዋቹ ሲጫን የሚቼል እጅ ይዘረጋና ሳጥኑ ላይ ያርፋል። ሌላ ምንም የለም።

በኤክስቦክስ የሚጫወት ሰው ኤክስን ነበር የሚጫነው፤ በፕሌይስቴሽን ደግሞ የአራት ማዕዘኑን ቁልፍ። እንደኛ አገር በፕሌይስቴሽን ቤት ጌም የለመደ ልጅ ይህን ክፍል ቢጫወት ኖሮ ኤፍ የሚባል ነገር ጭራሽ አያይም ነበር። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ለምን ተሳቀ?

እንዲህ ዓይነቱ ትዕዛዝ በጌም ዓለም አዲስ አልነበረም። ፊልም የሚመስል ትዕይንት እየታየ ድንገት «ይህን ቁልፍ ተጫን» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። በ1983 የወጣው «ድራገንስ ሌይር» ከሞላ ጎደል በሙሉ እንደዚህ የተሠራ ነበር። በ1999 ደግሞ «ሼንሙ» የሚባለው የሴጋ ጌም ዘዴውን ስም ሰጥቶ አስፋፋው። ከዚያ ወዲህ የትልልቅ ጌሞች የዘወትር ልማድ ሆነ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ተጫዋቹ ፊልም ተመልካች ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ እጁ ከታሪኩ እንዳይለይ ነው።

ችግሩ የተጠየቀው ነገር ነው። ቋጥኝ ሲንከባለል «ዝለል» ቢባል ያስኬዳል፤ እጅ የሚሠራው ሥራ ነውና። ክብር መስጠት ግን የልብ ሥራ ነው። በቁልፍ አይታዘዝም። በዚያ ላይ በዚህ ጌም ኤፍ ምን እንደሚሠራ አስቡ። በር የሚከፈተው በኤፍ ነው። መሬት ላይ የወደቀ ጠመንጃ የሚነሳው በኤፍ ነው። ከአፍታ በፊት በጦር ሜዳ መሣሪያ ያነሳው ጣት አሁን በዚያው ቁልፍ ጓደኛውን ይሰናበታል። ለማሽኑ ሁለቱም አንድ ናቸው። ለሰው ግን አንድ አይደሉም። ሳቁ የመጣው ከዚህ ክፍተት ነው።

አንድ ሰው «ታዲያ ሰውን ማስለቀስ ራሱ ስህተት ነው ወይ?» ሊል ይችላል። አይደለም። እኛ ዘንድ አልቃሽ አለች። ለቅሶ ላይ ቆማ ሕዝቡን ታስለቅሳለች። ግን ዝም ብላ «አልቅሱ» አትልም። የሟቹን ሥራ፣ የአባቱን ስም፣ የተወውን ልጅ በግጥም ትዘረዝራለች። ሰው የሚያለቅሰው የሞተው ማን እንደሆነ ስለነገረችው ነው። ጌሙ ይህን ሥራ አልሠራም። ተጫዋቹ ዊልን የሚያውቀው በአንድ ግዳጅ ብቻ ነው። አብረው ሮጡ፣ አብረው ተኮሱ፣ ዊል ሞተ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ሳጥኑ። ሐዘኑ ሳይገነባ ምልክቱ ተጠየቀ።

ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ አለ። በ2011 ሮክስቴዲ የሠራው «ባትማን፦ አርክሃም ሲቲ» ውስጥ የባትማን ወላጆች የተገደሉበት መተላለፊያ ይገኛል። ተጫዋቹ ቦታውን ካገኘው አንድ ቁልፍ ተጭኖ በመያዝ ባትማንን ማንበርከክ ይችላል። እዚያም ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ትዕዛዝ ክብር ስለ መስጠት ነው። ማለትም ከኮል ኦፍ ዲዩቲ ሦስት ዓመት ቀድሞ ያንኑ ነገር አድርጓል። ያን ያህል ግን አልተሳቀበትም። ልዩነቱ ግልጽ ነው። አርክሃም ሲቲ አያስገድድም። ቦታውን ሳያዩ አልፎ ጌሙን መጨረስ ይቻላል። ያቆመ ሰው የሚያቆመው ፈልጎ ነው። የወላጆቹ ታሪክ ደግሞ ባትማንን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው ነው። አንድ ዓይነት ትዕዛዝ አንዱ ጋ ልብ ነካ፣ ሌላው ጋ መሳቂያ ሆነ። ስለዚህ ሚሙን የወለደው ቁልፉ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ቁልፉ የመጣበት ቦታና ጊዜ ነው።

ሳቁ ፈጥኖ ነው የተነሳው። ጌሙ በወጣ ሰሞን የአሜሪካው የቴሌቪዥን አዝናኝ ኮናን ኦብራየን ጌም በሚሞክርበት ዝግጅቱ ላይ ተጫወተውና እዚህች ቦታ ሲደርስ አፌዘበት። ጌም የማያውቀው የኮናን ተመልካች ሳይቀር አየው። የጌም ጸሐፊዎችም ተቹት። በየማኅበራዊ ሚዲያው የትዕይንቱ ፎቶ ተሰራጨ። ሰዎች ያንኑ ጽሑፍ እያነሱ በሌላ ምስል ላይ ይለጥፉት ጀመር።

ፊደሉ ብቻውን ቀረ

እዚህ ድረስ ነገሩ እንደማንኛውም የጌም ቀልድ ነው። በዚያ ዓይነት ቢቀር በጥቂት ወራት ይረሳ ነበር። አድቫንስድ ዋርፌር ከመውጣቱ ከሦስት ዓመት በፊት የሆነውን እናስታውስ። በኖቬምበር 2011 ቤተስዳ «ስካይሪም»ን አወጣ። በጌሙ ውስጥ ያሉ የከተማ ጠባቂዎች ድሮ እንደ ተጫዋቹ ጀብደኞች እንደነበሩ፣ ጉልበታቸው ላይ ፍላጻ ተወግተው እንደተዉት ይናገራሉ። ጠባቂ በተገኘበት ሁሉ ያቺው ወሬ ናት። ከየከተማው ጠባቂ መስማት ስለሰለቸ ኢንተርኔቱ ቀልድ አደረጋት። ለጥቂት ጊዜ የፍላጻው ቀልድ ያልተጻፈበት ቦታ አልነበረም። ከዚያ መሰልቸት መጣ። ዛሬ የሚጠቅሳት ሰው የሚጠቅሳት እንደ ድሮ ትዝታ ነው።

የፍላጻው ቀልድ ለምን አረጀ? ሥራ ስላልነበረው ይመስለኛል። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣ የሚናገረውም ስለ ራሱ ብቻ ነው። ከጌሙ ውጭ የሚገልጸው ነገር የለም። ኤፍ ግን ሥራ አገኘ። ሥራውን የሰጠው ትዊች ነው።

ትዊች ሰዎች ጌም ሲጫወቱ በቀጥታ የሚታዩበት መድረክ ነው። በ2011 ተጀመረ። በኦገስት 2014፣ ማለትም ጌሙ ከመውጣቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ አማዞን በ970 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሊገዛው እንደሆነ ተሰማ። የአንድ ታዋቂ ስትሪመር (በቀጥታ እየተጫወተ የሚያሳይ ሰው) ቻት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚጽፉበት ቦታ ነው። ጽሑፉ እንደ ጎርፍ ይወርዳል። ረጅም ዓረፍተ ነገር የጻፈ ሰው ሳይነበብለት ያልፋል። እዚያ የሚታየው ብዙ ሰው በአንዴ የሚደግመው አጭር ነገር ነው። አንድ ሰው የጻፈው ኤፍ ምንም አይደለም። ሺህ ሰው በሦስት ሰከንድ ውስጥ ሲጽፈው ስክሪኑ ይሞላል። ስትሪመሩም ያየዋል።

ቅድም ያቆየሁት ነጥብ እዚህ ይመጣል። ለምን ኤክስ ሳይሆን ኤፍ አሸነፈ? ጌሙን በኮንሶል፣ ማለትም በፕሌይስቴሽን ወይም በኤክስቦክስ፣ የተጫወተው ሰው ብዙ ነው። ቻት የሚጻፈው ግን በኪቦርድ ነው። የፕሌይስቴሽኑን አራት ማዕዘን በኪቦርድ መጻፍ አይቻልም። በኮምፒውተር የሚጫወት ሰው ግራ እጁ ደብልዩ፣ ኤ፣ ኤስ እና ዲ ላይ ነው የሚውለው። ኤፍ ከዲ ቀጥላ ናት። አመልካች ጣት ትንሽ ወደ ቀኝ ስትል ትገኛለች። በጌሙ ውስጥ የተጫኑትን ቁልፍ በቻት ውስጥም እንዳለ መጫን ይቻላል። ጌሙ «ተጫን» ያለው ቁልፍና ሰው ለሰው የሚልከው ፊደል አንድ ሆኑ። በእኔ አስተያየት የዚህ ሚም ዕድሜ ምስጢር ይህ ነው። ሚሙን መጥቀስና ሚሙን ማድረግ አንድ ተግባር ነው።

ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ እየረገፈ ሄዶ ፊደሉ ብቻውን ቀረ። ስትሪመር የመጨረሻው ጠላት ጋ ደርሶ በሞኝ ስህተት ሲሞት ኤፍ። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥበት ኤፍ። ቡናው ኪቦርዱ ላይ ሲደፋ ኤፍ። በስፓኒሽ ተናጋሪ ወጣቶች ዘንድ ደግሞ ከቻት ወጥቶ በአፍ የሚነገር ሆነ። አንዱ የደረሰበትን ሲያወራ ሌላው «ኤፌ» ይለዋል።

ይህ የትንንሽ ጉዳቶች ዘመን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ለእኔ ግን የታሪኩ እምብርት እሱ ነው። ፌዝ ሲደጋገም ይዶለዱማል። አንድ ሰው ላፕቶፑ ሲቃጠል ኤፍ የሚጽፍለት ጓደኛው በከፊል እየሳቀ ነው። በከፊል ግን «አይዞህ» እያለው ነው። በየቀኑ፣ በሺዎች ቻት ውስጥ፣ ያቺ «አይዞህ» እያደገች ሄደች። ጌሙ ራሱ ተረሳ። ኮናን ተረሳ። የቀረው «ጉዳትህን አይቻለሁ» የሚለው መልእክት ነው።

ጃክሰንቪል

ኦገስት 26 ቀን 2018 በፍሎሪዳ ጃክሰንቪል ከተማ የ«ማደን» ጌም ውድድር እየተካሄደ ነበር። ማደን የአሜሪካ እግር ኳስ ጌም ነው። ውድድሩ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ተኩስ ከፈተ። ሁለት ተጫዋቾችን ገደለ፣ ሌሎችን አቆሰለ፣ ከዚያ ራሱን አጠፋ። የተኩሱ ድምፅ በሥርጭቱ ላይ ተሰማ።

ለሟቾቹ መታሰቢያ በቀጥታ በተላለፈ ዝግጅት ላይ ተመልካቾች በቻቱ ሐዘናቸውን የገለጹት በኤፍ ነው። በፌዝ የተወለደው ፊደል የእውነት ለሞቱ ሰዎች ክብር ተጻፈ። የሚጽፉት ሰዎች እየቀለዱ አልነበረም። ከእነሱ መካከል የሞቱትን የሚያውቁ፣ ከእነሱ ጋር የተወዳደሩ ይኖራሉ። ሌላ የሚያውቁት የጋራ የሐዘን ምልክት አልነበራቸውም። በቻት ውስጥ መነሳት የለም፣ ራስ ዝቅ ማድረግ የለም፣ እጅ መጨበጥ የለም። ያለው ኪቦርድ ነው።

ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ ሊያስቆጣ ይችላል። በሞተ ሰው ላይ የጌም ቀልድ! ቁጣው ይገባኛል። ግን እኛም በፌስቡክ የምናደርገውን እንይ። የታወቀ ሰው ሲሞት ከፎቶው ሥር «ነፍስ ይማር» የሚል ረድፍ ይሰለፋል። መቶው፣ ሺው ያንኑ ይጽፋል። ማንም አዲስ ቃል እንዲፈጥር አይጠበቅበትም። ሐዘን ላይ ሌላው ያለውን መድገም ስንፍና አይደለም። «እኔም ከናንተ ጋር ነኝ» ማለት ነው። ትዊች ላይ ያደገ ልጅ የያዘው ቃል ኤፍ ነው፤ አገልግሎቱ ግን ያው ነው።

ጌመሮች ማዘን የጀመሩት በኤፍ አይደለም፤ ይህን ማለት ፍትሕ ነው። በ2006 በ«ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» ውስጥ በእውነተኛው ዓለም ለሞተች ተጫዋች ጓደኞቿ ጌሙ ውስጥ የመታሰቢያ ሥርዓት አዘጋጁ። ሌላ የተጫዋቾች ቡድን ሥርዓቱ ላይ ጥቃት ከፍቶ ሐዘንተኞቹን ጨፈጨፋቸው፤ ቪዲዮውንም ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ክርክሩ ለዓመታት አልበረደም። በሴፕቴምበር 2012 በቤንጋዚ የአሜሪካ ዲፕሎማቲክ ግቢ ላይ በደረሰው ጥቃት ከሞቱት አንዱ ሾን ስሚዝ ነበር። በ«ኢቭ ኦንላይን» ጌም ውስጥ «ቫይል ራት» በሚል ስም የታወቀ ተጫዋች ነው። ተጫዋቾች በጌሙ ሕዋ ውስጥ ያሉ በርካታ ጣቢያዎቻቸውን በስሙ ሰየሙ። በሜይ 2021 የጃፓናዊው የማንጋ (የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ) ሠዓሊ ኬንታሮ ሚውራ ሞት ሲሰማ ደግሞ የ«ፋይናል ፋንታሲ 14» ተጫዋቾች ጥቁር ጥሩር የለበሱ ገጸ ባሕርያት ሆነው በጌሙ ከተሞች ጎዳና ግራና ቀኝ ተሰለፉ።

እነዚህን ሥርዓቶች ማንም ጌም ሠሪ አላዘዘም። ስክሪን ላይ «ተሰለፍ» የሚል ጽሑፍ አልወጣም። ሰዎቹ የሚያውቁት፣ የሚወዱት ሰው ስለሞተ ራሳቸው አደረጉት። ስሌጅሃመር በ2014 የፈለገው ይህንኑ ስሜት ነበር። ሊያዝዘው ሞከረና አልሆነለትም። ተጫዋቾቹ ያቺን ቁልፍ ከእጁ ወሰዱና ከአራት ዓመት በኋላ ራሳቸው ትርጉም ሰጧት። ሚም ከጌም ያድጋል ስንል ብዙ ጊዜ ጌሙ ለኢንተርኔቱ ቀልድ ሰጠ ማለታችን ነው። በዚህ ጉዳይ የሆነው ተገላቢጦሽ ነው። ጌሙ የሰጠው ያልተጠናቀቀ ነገር ነው፤ የጨረሰው ሕዝቡ ነው።

ሁለቱም በአንድ ፊደል

አሁን ችግሩ ኤፍ ሁለቱንም መያዙ ነው። ለተደፋ ቡናም ለሞተ ወንድምም ይጻፋል። አንድ ሰው የአባቱን ሞት ተናግሮ ኤፍ ሲደረደርለት እንደ ፌዝ ሊሰማው ይችላል። በተለይ ጌመር ካልሆነ። ፊደሉ ብቻውን አያስረዳም፤ የሚያስረዳው ማን ለማን፣ የት እንደጻፈው ነው። በጓደኞች ቻት ውስጥ፣ ሁሉም ልማዱን በሚያውቅበት፣ ሐዘን ነው። ከማያውቁት ቤተሰብ የሐዘን መግለጫ ሥር ሲጻፍ ግን መሳለቅ ይመስላል፤ እዚያ ባይጻፍ ይሻላል ባይ ነኝ።

በትውልድ መካከልም ይህ ክፍተት አለ። ጌሙ በወጣበት በ2014 አምስት ዓመት የነበረው ልጅ በ2021 አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። ኤፍን የሚያውቀው ከቻት ነው። የዊልን ሳጥን አላየም፣ ሳቁንም አልሰማም። ለእሱ ፊደሉ ከመጀመሪያውም የማጽናኛ ፊደል ነው። አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያደገ የሐበሻ ልጅ በጌም ብቻ የሚያውቀው ጓደኛው ሞቶ ኤፍ ሲጽፍ ወላጆቹ ቢያዩት ግራ ቢገባቸው አይፈረድባቸውም። ልጁ ግን እየቀለደ አይደለም። በስም እንጂ በመልክ የማያውቀው፣ ብዙ ሌሊት አብሮት የተጫወተ ጓደኛው ነው የሞተበት። ለቅሶ የሚደርስበት ቤት አያውቅም፤ የሟቹን ቤተሰብም አያውቅም። ጓደኞቹ ሁሉ ያሉት ቻት ላይ ነውና ሐዘኑንም እዚያው ይጽፋል።